ባሌ ላይ ወፍ ለማየት ሁለት ቀን ላለሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን አለሽ። ባሌ ተራሮች ፓርክ፣ ዲንሾ ጫካ ውስጥና ሳነቴ አምባ ላይ በእግርሽ እየሄድሽ ወፍ ማየት ትፈልጊያለሽ። «ጀማሪ ነኝ፣ ምንም ሳላይ እንዳልመለስ» ብለሻል። ባሌ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ጊዜው ጥሩ ነው። ዝናቡ ባሌን ቶሎ ስለማይለቅ ከሰዓት በኋላ ካፊያ ሊያገኝሽ ይችላል። ግን መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ንስሮችም በዚያ ሰሞን መግባት ይጀምራሉ።

የመጀመሪያውን ቀን ለዲንሾ ስጪው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሳነቴ ደግሞ 4,000 ይጠጋል። አንድ ሌሊት ዲንሾ ካደርሽ ከፍታው ብዙም አይከብድሽም።

ጫካ ውስጥ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይሠራል። ጎህ ሲቀድ ግቢ፣ ከኮሶው ወይም ከጥዱ ሥር ተቀመጪ፣ ሃያ ደቂቃ ዝም በይ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላታለች። ተቀባብለው የሚያዜሙት ጥንዶች አቢሲኒያን ካትበርድ የሚባሉት ናቸው። ግራጫ ናቸው፣ ከጅራታቸው ሥር ብቻ ቀላ ይላሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። ከላይ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚሮጥ ጉንጨ ነጭ አረንጓዴ ወፍ ካየሽ ቱራኮ ነው። እስኪበር ጠብቂው። ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት። ጉጉት ማየት ከፈለግሽ ደግሞ አስጎብኚሽን ጠይቂው፣ ቀን ቀን የምትውልበትን ዛፍ ያውቃል።

አንድ ነገር አደራ። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍተሽ አትጥሪ። እኔ አድርጌዋለሁ። ወፏ መጣች፣ ከጭንቅላቴ በላይ ቆማ ክንፏን እያርገፈገፈች ጮኸች። አፏ ውስጥ ትል ይዛለች። ለጫጩቶቿ ልታደርስ ነበር፣ ሌላ ወፍ ግዛቷን የወረረባት መስሏት እኔ ጋ ቀረች። ስልኬን ዘጋሁ፣ እሷ ግን ለረጅም ጊዜ አልተረጋጋችም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ቀን በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ ውጪ። የአስታው ቁጥቋጦ እያጠረ ይሄድና ድንገት ሜዳው ይከፈታል። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እዚህም እዚያም ቆሟል። እዚህ ደግሞ ዓይን ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ ፎቶ ለመነሳት ሲቸኩል ሁሉንም ያልፈዋል። አንቺ መኪናውን አስቁሚና ከመንገዱ ዳር ተቀመጪ።

ረግረጉ ጠርዝ ላይ ከዶሮ የምታንስ ቡናማ ወፍ ትመጣለች። ሩዤ ሬይል ይሏታል። ሰው ብዙም አትፈራም። እየተራመደች ጅራቷን ብድግ ታደርጋለች፣ ከሥሩ ነጩ ብልጭ ይላል። አንዴ ጫማዬ አጠገብ ደርሳ ሣሩን ስትፈትሽ ትንፋሼን ውጬ አየኋት። ውኃው ዳር ጥንድ ሆነው የሚግጡት ደግሞ ሰማያዊ ክንፍ ዝይዎች ናቸው።

ከሁሉ የምወደው ግን ይኼ ነው። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ካየሽ አትለፊያት። ጉድጓዱ የግዙፉ ፍልፈል ነው፣ እሱም ከባሌ ውጭ የለም። ፍልፈሉ አፈር ሲያወጣ እሷ ነፍሳቱን ትለቅማለች። እሷ ደንግጣ ስትጮህ እሱ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ያኔ ባይኖኩላርሽን አንሺና ሜዳውን ቃኚ፣ ቀይ ቀበሮ በአካባቢው ሊኖር ይችላል። ዋና ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው። ብታዪው ግን አትከተዪው፣ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው።

ባይኖኩላር ከሌለሽ 8 በ42 የሆነውን ተዋሺ (8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው)፣ ከዚያ የበለጠ የሚያቀርበው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ሳነቴ ላይ ጣት ይደነዝዛልና ጓንት ያዢ። አስጎብኚ ዲንሾ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ታገኛለሽ። ስትነጋገሪ ግን «ብዙ ቦታ አሳየኝ» አትበዪው። «የምንቀመጥበት ቦታ ምረጥልኝ» በዪው።