«ኮምፒውተር ይፈለጋል»፦ የድሮ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ላይ ጥያቄና መልስ

የድሮ የእንግሊዝኛ ጋዜጦችን ለምታነቡ ሁሉ መድረኩ ክፍት ነው። የዛሬው ቃላችን «ኮምፒውተር» ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ ታይምስ በ1892 «ኮምፒውተር ይፈለጋል» ብሎ ጽፏል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ሜይ 2 ቀን 1892 የወጣ አጭር ዜና ነው። መርከበኞች በባሕር ላይ ያሉበትን ቦታ የሚያውቁበትን የፀሐይ፣ የጨረቃና የከዋክብት ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ የአሜሪካ መንግሥት ቢሮ ነበር። ለዚያ ቢሮ በአልጀብራ፣ በጂኦሜትሪና በትሪጎኖሜትሪ ተፈትኖ የሚያልፍ ሰው ይፈለጋል ይላል። አዎ፣ ሰው! ኮምፒውተር ማለት ያኔ በወረቀትና በእርሳስ የሚያሰላ ሠራተኛ ነበር። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ ከ1613 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ታትሞ ይገኛል።

ጥያቄ፦ እና ቀኑን ሙሉ ምን ያሰሉ ነበር?

ሰማዩን፣ ብዙውን ጊዜ። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ መቼ እንደሚመለስ ለማወቅ ፈረንሳይ ውስጥ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ ክሌሮ፣ ላላንድና ኒኮል ሬን ለፖት ለወራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አስልተዋል። ኤፕሪል 1759 አጋማሽ ላይ ለፀሐይ በጣም ይቀርባል አሉ። የቀረበው ማርች 13 ነው። በእጅ ለተሠራ ስሌት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ እንድታውቋቸው የምፈልገው አሜሪካ ውስጥ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩትን ሴቶች ነው። የሰማይ ፎቶግራፍ ያለበትን መስታወት እያገላበጡ ከዋክብትን ይለኩና ይመድቡ ነበር። ክፍያቸው በሰዓት ከ25 እስከ 50 ሳንቲም ነበር። የሥራ መጠሪያቸው ኮምፒውተር ነው። ከነሱ አንዷ ሄንሪታ ሌቪት በ1912 አንድ ግኝት ይፋ አደረገች። ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል አንዳንድ ከዋክብት አሉ፤ ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸውም ይጨምራል። ዛሬ የሌሎች ጋላክሲዎችን ርቀት የምናውቀው በዚያ መንገድ ተነስተን ነው። የድሮ ጽሑፍ ላይ «ኮምፒውተር» ሲባል እንደ ተራ ጸሐፊ አትለፏቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቃሉ መቼ ወደ ማሽን ዞረ?

በአንድ ቀን አልዞረም። በፌብሩዋሪ 1946 ኢኒያክ የተባለው ማሽን ለሕዝብ ሲታይ ጋዜጦች «ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር» አሉት። «ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን ካልጨመሩ አንባቢው ሰው ሊመስለው ይችላል። ብዙዎቹ እንዲያውም «ግዙፍ አንጎል» ማለቱን መረጡ።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ኢኒያክን ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ናቸው። እነሱ ራሳቸው ከዚያ በፊት የመድፍ ጥይት የሚሄድበትን መንገድ በእጅ የሚያሰሉ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ማሽኑ የፊት ገጽ ዜና ሲሆን የነሱ ስም ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይነሳ ቀረ።

ከዚያ በ1952 የአሜሪካ ምርጫ መጣ። ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ዩኒቫክ በሚባል ማሽን ውጤቱን ለመተንበይ ሞከረ። ማሽኑ ገና በጊዜ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው አይዘንሃወር በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል አለ። ጣቢያው አላመነውም፤ ትንበያውን ይዞ ቆየ። አይዘንሃወር ግን በሰፊው አሸነፈ። ሕዝቡ ከማሽኑ ጋር በደንብ የተዋወቀው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ዓይነት ሌላ ቃል አለ?

«ታይፕራይተር»። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማሽኑም፣ በማሽኑ የምትጽፈው ሴትም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ወደ አማርኛ ስተረጉም ምን ልበል?

እኛ ቃሉን የተቀበልነው ከማሽኑ ጋር ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተር» ብለህ ከተውከው አንባቢህ ስክሪን ነው የሚታየው። እኔ «የስሌት ሠራተኛ» እላለሁ። «ሒሳብ ሠራተኛ» እንዳትል፣ እሱ የገቢና የወጪ መዝገብ የሚይዘው ነው።

ጥያቄ፦ በ1950ዎቹ ጽሑፍ ላይ ሰው ይሁን ማሽን በምን እለያለሁ?

ዓመቱ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጆን ግሌን በፌብሩዋሪ 1962 ምድርን ከመዞሩ በፊት የማሽኑን ስሌት የናሳ የሒሳብ ባለሙያ ካትሪን ጆንሰን በእጇ እንድታረጋግጥ ጠይቋል። እሷ ደግሞ ሥራ የጀመረችው በኮምፒውተርነት ነው። ስለዚህ ዙሪያውን አንብብ። ቅጥር፣ ፈተና፣ ደመወዝ፣ «እሷ» የሚል ካለ ሰው ነው። ዋጋና ክብደት ከተጻፈ ማሽን ነው። «ኤሌክትሮኒክ» የሚል ቅጽል ካለማ ጥያቄም የለው።