ጄኔራል ሲሾም ምን ትጠይቃላችሁ?

ይድረስ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ልጆቼ፣

ጠባሴ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ ወሬያችሁን እሰማለሁ። ኤታማዦር ሹም፣ ማለት የጦሩ ከፍተኛ አለቃ፣ ተነሣ ወይም ተሾመ ሲባል መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከየት ነው? የማን ወገን ነው?» ብላችሁ ነው። አልፈርድባችሁም። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ስለ ጦር ማውራት ቁስል መነካካት ነው፤ ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። እኔ ግን ዕድሜዬን በውጭ ጉዳይ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና፣ ከሰውየው በፊት ወንበሩን እወቁት እላችኋለሁ። ስንት ዓመት ይቀመጥበታል? ማን ይጠይቀዋል? ከሌላ አገር ጋር ሲነጋገርስ ማን ልኮት ነው?

በሕገ መንግሥቱ ትጨቃጨቃላችሁ፤ አንቀጽ 87ን ያነበባችሁ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? አጭር ነው። የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ይሆናል ይላል። ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ ይሥራ ይላል። ጠቅላይ አዛዡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ የጦርነት አዋጅ የሚያጸድቀው ግን ፓርላማው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። ፓርላማችን አንድን ጄኔራል አስቀርቦ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ ማየት ግን ብርቅ ነው።

የሥራ ዘመንን ነገር እንየው። ጄኔራል ሳሞራ ዩኑስ እስከ ሰኔ 2010 ድረስ 17 ዓመት ገደማ በኤታማዦር ሹምነት ቆዩ። የተኳቸው ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ሰኔ 15 ቀን 2011 ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ጄኔራል አደም መሐመድ ተከተሉ፤ በጥቅምት 2013 ደግሞ ጄኔራል ብርሃኑ ጁላ። ሁለቱም ዓይነት አካሄድ ተቋምን ይጎዳል። አለቃው 17 ዓመት ሲቆይ ከሥሩ ያለ መኮንን ሁሉ ዓይኑን ከሕጉ አንሥቶ እሳቸው ላይ ይተክላል። ቶሎ ቶሎ ሲቀያየርም የተጀመረ ነገር ዳር አይደርስም። አሜሪካኖች ለጥምር ኤታማዦር ሹሞቻቸው ሰብሳቢ 4 ዓመት በሕግ ቆርጠዋል። እኛም ብንቆርጥ ደስ ይለኛል።

በቤተሰባችሁ የኮሪያ ዘማች ካለ ይህን ጠይቁት። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ወደ ኮሪያ ሲዘምት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ማክአርተር በዚያው ወር ተሽረዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ሚያዝያ 3 ቀን አነሷቸው። ጃፓን እጅ ስትሰጥ የተቀበሉ፣ ሕዝብ የሚወዳቸው ጀግና ነበሩ። እሳቸው ግን ጦርነቱ ወደ ቻይና እንዲሰፋ ይፈልጉ ነበር። ፕሬዚዳንቱ የተኩስ አቁም ሐሳብ ሊያቀርቡ ሲዘጋጁ፣ ጄኔራሉ ቀድመው በራሳቸው ስም ቻይናን የሚያስፈራራ መግለጫ አወጡ። ከዚያም የመንግሥትን ፖሊሲ የሚነቅፍ ደብዳቤያቸው በአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ተነበበ። ይህን የሚያደርግ የጦር አዛዥ የውጭ ፖሊሲውን ከመንግሥት እጅ ነጥቆ ወስዷል ማለት ነው።

ሲባረሩ ሕዝቡ ተቆጣ፤ አገራቸው ሲገቡም በትልቅ ሰልፍ ተቀበላቸው። ያም ሆኖ አንድ ክፍለ ጦር ንቅንቅ አላለም። በቦታቸው ጄኔራል ሪጅዌይ ተሾሙ። የሴኔቱ ኮሚቴዎችም ማክአርተርን አስቀርበው ለቀናት ጠየቋቸው። የእኛ ልጆች በወሩ መጨረሻ ፑሳን ሲደርሱ አዲሱ አዛዥ ሥራ ላይ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ግንቦት 8 ቀን 1981ን አስቡ። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደሄዱ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ በዚያው ቀን ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አገሪቱ በስንት ድካም ያፈራቻቸው አዋጊዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች «ይህ ጦርነት አያዋጣም» የሚሉበት በር አልነበራቸውም፤ የመንግሥት ሥልጣኑም፣ ፓርቲውም፣ ጦሩም በአንድ ሰው እጅ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም አንጀቴ ይቃጠላል።

ደግ ነገርም አይቻለሁ። አንድ የውጭ ልዑክ ስለ ወታደራዊ ትብብር ረቂቅ ይዞ መጣ። ሥልጠናና ጥገና ላይ ተስማማን። ሦስተኛው ገጽ ላይ የውጭ ወታደር አገራችን ሲገባ በየትኛው ሕግ ይዳኛል የሚል አንቀጽ ተሸጉጧል። እንግዶቹ «እዚሁ እንጨርሰው» አሉ። የእኛ ጄኔራል በቀይ እስክሪብቶ አከበቡትና ወረቀቱን ወደ እኛ ወደ ውጭ ጉዳይ ሰዎች ገፋ አደረጉት። እንግዶቹን «ይቺ የእነሱ ናት» አሏቸው፣ እኛን በጣታቸው እያሳዩ። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ወታደሮች ሁሉ የማከብራቸው እኚህን ነው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዝ መልእክተኛ ጠመንጃ በስጦታ፣ የወዳጅነትና የንግድ ውል በእጁ ይዞ ወደ ሸዋ መጥቶ ነበር። ያኔ ጦሩም ውሉም የንጉሡ ነበር። ዛሬ ግን መንግሥት ከሌላ አገር ጋር የሚዋዋለው ውል በፓርላማ መጽደቅ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ያዛል። እና ልጆቼ፣ በቴሌቪዥን ሁለት ጄኔራሎች ፈርመው ሲጨባበጡ ስታዩ፣ ሰነዱ ፓርላማ ቀርቦ እንደሆነ ተከታተሉ። የጸደቀ ውል በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ካላገኛችሁት የመረጣችሁትን እንደራሴ ጠይቁት።