ፔዳሉ ወለል ሲነካ፦ ስለ ሁለት መስመር ፍሬን ለጠየቃችሁኝ

«ስለ ፍሬን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከፍሬን ጋር ነውና አይከብደኝም ብዬ ነው። ጥያቄው ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ጭጋግ ወረደብኝ። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

«ፍሬን ሁለት መስመር አለው ይባላል። አንዱ ቢበጠስ በሌላው እቆማለሁ?» (የቪትዝ ባለቤት፣ ደሴ)

መቆሙን ትቆማለህ፤ እንደ ትናንቱ ግን አይደለም። ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ የሚገፋውን የፍሬን ዘይት ሲሊንደር፣ ፈትተህ ብታየው አንድ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተን ተከታትለው ተቀምጠዋል። ለየራሳቸው ክፍልና ቱቦ አላቸው። አንዱ መስመር ዘይት ሲያፈስ የዚያ ክፍል ፒስተን የሚገፋው ስለሌለው ባዶውን ይሄዳል። የሌላው መስመር ግፊት የሚመጣው ያ ፒስተን ሄዶ ሄዶ አንድ ነገር ሲነካ ነው። ለዚህ ነው ፔዳሉ ወለሉ አጠገብ የሚደርሰው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍሬኑ የጠፋ መስሎት ደንግጦ እግሩን ያነሳል። አታንሳ! እስከ ታች ርገጠው፣ መጨረሻው ላይ ጠንከር ያለ ነገር ታገኛለህ።

ቪትዝ ላይ መስመሩ በሰያፍ ነው የተከፈለው፦ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ። የትኛውም ቢበጠስ አንድ የፊት እግር (ጎማ) ይተርፍልሃል።

«የእኔ አሮጌ ሃይሉክስስ?»

ያንተ ፊትና ኋላ ተብሎ ነው የተከፈለው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጋደል ብዙውን ሥራ የሚሠሩት የፊት እግሮች ናቸው። የኋላው ከሄደ ትችለዋለህ። የፊቱ ከሄደ ግን በቀስታ ወደ ዳር ውጣና ቁም፤ ጉዞው አልቋል።

«ልጄ፣ ሐረጎን ስወርድ ሁለቱም መስመር ባንዴ ጠፋብኝ። በእጅ ፍሬንና በማርሽ ታግዬ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቼ ስረግጠው ፍሬኑ ተመለሰ! ጋራዥ ብወስደው ምንም የለውም አሉኝ።» (የሚኒባስ ሹፌር)

ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። የፍሬን ዘይትዎ ፈልቶ ነው። ሁለቱ መስመሮች ተለያይተዋል እንላለን እንጂ ዘይቱ ያው አንድ ቀን የተሞላ፣ አንድ ዓይነት ዘይት ነው። ለሁለቱም ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያው ቁልቁለት ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። መኪናዎ ከነሰዉ 3 ቶን ቢሆንና ሁሉንም በፍሬን ብቻ ቢይዙት፣ የሚወጣው ሙቀት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ስንት ጀበና እንደሚወጣው እርስዎ ያስሉት።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ፒስተን አይገፋም። ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል፤ ጋራዥም «ምንም የለውም» ይባላል። ክዳኑን ይክፈቱት፤ ዘይቱ እንደ ቡና ከጠቆረ በየ2 ዓመቱ መቀየሩን ረስተውታል ማለት ነው። ሲወርዱም በከባድ ማርሽ (በዝቅተኛው ቁጥር)፣ ጋሼ።

«ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ)፣ ሞተር አጥፍቼ ብወርድስ?»

ወላሂ እንዳታደርገው። እግርህን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በሞተሩ የአየር ስበት ነው። ሞተር ሲጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ታግዞ ይረገጥልሃል፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱም መስመር ደህና ነው፣ እግርህ ግን አይችለውም።

«ሲኖትራክም እንዲሁ ነው?»

አይደለም፣ እሱ የአየር ፍሬን ነው። አየሩ ሲያልቅ ስፕሪንጉ ራሱ ይይዘዋል። ሌላ ቀን እናወራለን።

«መንገድ ላይ የአንድ እግር ቱቦ ቢያፈስ፣ ረዳቱ ጠፍጥፎ ደፈነው። ዘይትም ስላልነበረን የሞተር ዘይት ጨመርን።»

መድፈኑስ ጋራዥ እስኪደርስ ነው እንበል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን እንደሚጎትት ከታወቀ። የሞተር ዘይቱ ግን አናደደኝ። ጎሚኒውን፣ ዘይቱን የሚያግደውን የፒስተን ላስቲክ፣ ያሳብጠዋል። ሁለቱም መስመር ውስጥ ያለው ጎሚኒ ያብጥና ፍሬኑ ወይ ይነክሳል ወይ ያፈሳል። አሁን ማጠብ ብቻ አይበቃም፣ ጎሚኒው በሙሉ ይቀየር።

«ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ የእጅ ፍሬን ግን አልያዝኩም።»

አሜሪካ በፈረንጆቹ ከ1968 ጀምሮ ሁለት መስመር ሲያስገድድ አንዱ መስመር ሲበላሽ የሚበራውን ይህን መብራትም አብሮ አስገድዷል። ምክንያት አለው፤ ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ብልሽት ይሸፍነዋል። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ግማሽ ፍሬን ሙሉ ይመስላል። ችግሩ አብዛኛው መኪና ላይ መብራቱ ከእጅ ፍሬኑ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ተለማማጅ ሳለሁ «አስቸገረኝ» ያለኝን ደንበኛ አምፖሉን ነቅዬ ሸኘሁት። እሱ ደስ ብሎት ሄደ፣ እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ቤቱ ሄጄ መለስኩለት፤ ማስተሩ በአንድ በኩል ያፈስ ነበር።

«የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። እሱ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም አይደል?» (እህታችን ከሐይቅ)

አለበት የኔ እህት፣ ሁለቱም መስመር ከነዘይቱ አለ። ጥቅሙ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ስለሚይዝ ፓስቲሊያው (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው) ያርፋል። ነገር ግን ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልተሽ ሐረጎን ከጀመርሽ ባትሪው የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ሸክሙ ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። 90 ላይ ንቀይው። ቁልቁለቱ የሚሞላልሽ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፣ ለእሷ ቦታ ተይላት።