የተረፈው ሰዓት የማን ነው? ስለ ዲዛይን ድርጅቶች ጥያቄና መልስ

የዲዛይን ድርጅቶች ባለቤት ሲቀያየርና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲገባባቸው ምን እንደሚሆኑ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እነሆ መልሴ። ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስመ ጥር ስቱዲዮዎች ለምን ይሸጣሉ?

መልስ፦ መሥራቹ ያረጃል፤ ድርሻውን የመግዛት አቅም ያለው ሠራተኛ ግን አይገኝም። በ1969 ጀርመን ውስጥ የተመሠረተው የዲዛይን ድርጅት ፍሮግ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ2020 የትልቁ አማካሪ ኩባንያ የካፕጀሚኒ ሆነ። ፊዮርድ የተባለውን ስቱዲዮ ደግሞ በ2013 ሌላው አማካሪ ኩባንያ አክሰንቸር ገዛው።

ጥያቄ፦ ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ። በ1972 ለንደን ውስጥ አምስት ዲዛይነሮች ያቋቋሙት ፔንታግራም እስከ ዛሬ በሸሪኮቹ እጅ ነው፤ ደንበኛውን የሚያነጋግረውም ሥራውን የሚመራውም ባለቤቱ ራሱ ነው። የአኒሜሽን ስቱዲዮው አርድማን መሥራቾችም በ2018 አብላጫውን ድርሻ ለሠራተኞቻቸው አስተላልፈዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤትነት ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የጭማቂ ማሸጊያ አማራጮችን ለመሣል ሦስት ቀን ይፈጅብን ነበር፤ ዛሬ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሁለት ቀን ተኩል ተረፈ ማለት ነው። ባለቤቱ ሩቅ ያለ ባለአክሲዮን ከሆነ ያንን ትርፍ ሰዓት ሠራተኛ ለመቀነስ ያውለዋል ብዬ እሰጋለሁ። ባለቤቶቹ ሠሪዎቹ ከሆኑ ግን ሱቅ ሄደው መደርደሪያው ፊት መቆም፣ የገዢዋ እጅ የትኛውን እንደሚያነሣ ማየት ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ ባለቤትነት ብቻውን ከወቀሳ አያድንም፤ ፔንታግራም ራሱ በ2024 ለአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ሥዕሎችን ሚድጆርኒ በተባለ ሥዕል ሠሪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በማዘጋጀቱ ብዙ ሠዓሊዎች ተቆጥተውበታል። በሰዓት ማስከፈልንም ተዉት፤ ፈጥናችሁ በሠራችሁ ቁጥር ገቢያችሁን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ማሽን የሣለው ዓርማ የእኔ ነው?

መልስ፦ በአሜሪካ፣ ሰው ያልፈጠረው ሥራ የቅጂ መብት የለውም፤ ይህንንም በ2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት አጽንቶታል። ስለዚህ የእጃችሁ ሥራ እንዳለበት ለማሳየት የእርሳስ ረቂቆቻችሁን ከነቀናቸው አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሆነን እንሠራለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከፊደሉ። ማሽኑን «ቡና» የሚል ማሸጊያ ሣልልኝ ብለው «ቡ»ን ያለ ቅጥያዋ አስቀርቶ «በና» አለኝ። ይህን የሚያይ ዓይን የእናንተ ነው፤ ዋጋ ጠይቁበት። ደግሞም ሳትጣሉ፣ አሁን፣ ከሦስታችሁ አንዱ ሲወጣ ድርሻው በስንት እንደሚገዛና የሠራቸው ፋይሎች ከማን ጋር እንደሚቀሩ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።