የትኛውን የድንብላል ዘይት ነው የገዛሽው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ 8 ወሯ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሆዷን እየነፋት ታለቅሳለች፣ እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ከሰፈራችን የባልትና ሱቅ «የድንብላል ዘይት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ትንሽ ጠርሙስ ገዛሁ። ሻጯ ማታ ማታ ከሰል ላይ ጠብ አድርጌ እንድታጠነው፣ ለልጄም አንድ ጠብታ በወተት እንድሰጣት መከረችኝ። ልስጣት?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እኅቴ፣ ለልጅሽ አትስጪያት። በወተትም በውሃም፣ ግማሽ ጠብታም ቢሆን። ሻጯ ክፉ አስባ አይመስለኝም፤ ድንብላል ከበርበሬና ከሽሮ የማይለይ የጓዳችን ቅመም ስለሆነ ዘይቱም እንደ ዘሩ የዋህ ይመስላል። አይደለም።

በየሱቁ በዚህ ስም የሚሸጠው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ የተወቀጠ ድንብላል ሰሊጥ ወይም ኑግ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ የተጠለለ ነው። ሁለተኛው ዘሩ ተጨምቆ የሚገኝ ቅባት ነው። ሦስተኛው፣ የመዓዛ ሕክምና ባለሙያዎች የሚፈልጉት፣ በእንፋሎት የሚወጣው መዓዛማ ዘይት ነው። አረቄ ሲወጣ አይተሽ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ እንፋሎቱ በተፈረከሰው ዘር መካከል አልፎ፣ በቱቦ ቀዝቅዞ፣ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ዘይቱም በውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

ከመቶ ኪሎ ደረቅ ድንብላል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ300 ግራም እስከ 1 ኪሎ ዘይት ነው። ይህ ማለት በአንዲት ጠብታ ውስጥ ከ4 እስከ 14 ግራም ዘር የሚሰጠው ዘይት ተከማችቷል። የ8 ወር ሕፃን ይህን ያህል ድንብላል በአንድ ጊዜ አብይ ብትባይ እጅሽ እንቢ ይልሻል። በዚያ ላይ ሕፃናት ሲውጡ ትን ይላቸዋል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ያቆስላል።

ሆዷን ነፍቷት ስታለቅስ ካጠባሻት በኋላ ትከሻሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ አስገሺያት። እጅሽን አሙቀሽ፣ ምንም ሽታ ባልተጨመረበት ዘይት ሆዷን በቀስታ በክብ እሺያት። ትኩሳት ካላት፣ ጡት እንቢ ካለች፣ አረንጓዴ ካስመለሳት ወይም በሰገራዋ ደም ካየሽ ግን ሳይነጋ ጤና ተቋም ውሰጂያት።

አሁን ስለ ራስሽ እንነጋገር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አኑሪና እስከ ማግስቱ ተይው። የቅባት ምልክቱ ደምቆ ከቆየ የተዘፈዘፈ ወይም የተጨመቀ ነው፤ ለማሻሸት ይሆናል፣ ለማሽተት ግን እምብዛም አይረዳሽም። ተንኖ ከጠፋ በእንፋሎት የወጣው መዓዛማ ዘይት ነው። ይህ ፈተና ሰው ሠራሽ ሽቶ የተቀላቀለበትን አይለይም። ስለዚህ ጠርሙሱንም ተመልከቺ፤ መዓዛማ ዘይት ፕላስቲክ ስለሚበላ በፕላስቲክ የሚሸጠውን አልገዛም። ጥሩው ውሃ የመሰለ ወይም በጣም የገረጣ ቢጫ ነው። ሽታው ጣፋጭ፣ ትንሽ እንጨት እንጨት የሚል፣ የሎሚ ልጣጭም የሚያስታውስ ነው።

ከዚህ ዘይት ውስጥ ከመቶ ከ60 እስከ 80 እጁ ሊናሎል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ላቬንደር በሚባለው መዓዛማ አበባ ውስጥም በብዛት ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የጃፓን ካጎሺማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦች ሊናሎል ሲያሸቱ ፍርሃታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የማሽተት ስሜታቸውን ያጡት አይጦች ግን አልተረጋጉም። መረጋጋቱ የመጣው በአፍንጫ በኩል ነው ማለት ነው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ዘይቱ እንቅልፍ ማጣትን ያድናል ብዬ አልጽፍልሽም። የተጨነቀ ሰው በጥሩ መዓዛ ትንፋሹ ሲረጋጋ ግን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ያንን አልክድም።

ከሰል ላይ ግን አታንጠብጥቢው። ዘይቱ በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ፍም ላይ ሲወድቅም ተቃጥሎ ጭስ ይሆናል እንጂ መዓዛ አይሆንም። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የከሰሉ ጭስ ራሱ ገዳይ ነው። ሁለት ጠብታ መሐረብ ላይ አድርገሽ ከትራስሽ ራቅ አድርጊው፤ ወይም ሦስት ጠብታ በሙቅ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨምረሽ ለጥቂት ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ አቆዪው፣ ከዚያ አውጪው። ሕፃኗ በዚያው ክፍል የምትተኛ ከሆነ ይህንንም ተይው፤ ሳሎን ሆነሽ አሽትተሽ ግቢ። የአንቺን ሆድ ሲነፋሽ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላል ፈርክሰሽ በፈላ ውሃ አፍልተሽ ጠጪ። ለዚያ ዘሩ ይበቃል፣ ዘይት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ውስጥ ማሳጅ ቤት እሠራለሁ። የድንብላል መዓዛማ ዘይት በየሳምንቱ እጠቀማለሁ፤ በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ ጀርባዋ ሽፍ አለ። ዘይቱ ከዚህ ቀደም ማንንም አላስቸገረም። መጠኑ ምን ያህል ነው?
ወጣት ባለሙያ

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጠኑ በፊት ጠርሙሱን የት እንደምታስቀምጠው ልጠይቅህ። መስኮት ላይ ከሆነ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ ምክንያቱ ያ ሊሆን ይችላል። ሊናሎል ትኩስ ሲሆን ብዙም አያስቸግርም፤ ከአየር ጋር እየተገናኘ ሲቆይ ግን ቆዳን የሚያስቆጡ ውህዶች ይሆናል። አንዴ ቆዳዋ ከተቆጣ ሽቶና ሳሙና ውስጥ ያለው ሊናሎልም ለወደፊቱ ሊያስቸግራት ይችላል፤ ይህንን ንገራት፣ ሐኪም እንዲያያትም ምከራት። የቆየውን ጠርሙስ አስወግደው። አዲሱን ጠቆር ባለ ብርጭቆ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ክዳኑን አጥብቀህ አስቀምጥ፤ የተከፈተበትንም ቀን ጻፍበት። ትልቅ ጠርሙስ ከመግዛት ትንሽ ትንሹን መግዛት ይሻልሃል፣ ግማሹ አየር የሆነ ጠርሙስ ቶሎ ይበላሻል።

ለመላ ሰውነት ለሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ማለትም ለ30 ሚሊ ሊትር፣ 6 ጠብታ ይበቃል፤ ይህ ከመቶ 1 እጅ ነው። ለደከመ ትከሻ ወይም ወገብ ብቻ ከሆነ እስከ 12 ጠብታ መሄድ ትችላለህ። ከዚያ በላይ የሚጨምሩትን አውቃለሁ፣ ሽታው ሲጠነክር ሥራውም የሚጠነክር ይመስላቸዋል። በአዲስ ደንበኛ ክንድ ላይ ቀላቅለህ ትንሽ ቀባና እስከ ማግስቱ ጠብቅ። ነፍሰ ጡሮችን በሐኪማቸው ፈቃድ ብቻ አስተናግድ። ማዋሃድ ከፈለግህ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይስማማል፤ ሎሚ ከጨመርክ ግን ደንበኛው ፀሐይ ላይ እንዳይወጣ አስጠንቅቅ። የጥብስ ቅጠል ዘይት ሽታው ስለሚያይል ከሱ ጋር እጅህን ቆጠብ አድርግ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ግቢዬ ውስጥ ድንብላል ዘርቻለሁ። በግፊት ድስት ዘይቱን ራሴ ማውጣት እችላለሁ?
አባት

መልስ፦ አባቴ፣ ይችላሉ፤ ግን ከጠበቁት ያነሰ እንደሚያገኙ አስቀድመው ይወቁ። ትንንሽ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ከትልልቆቹ የበለጠ ዘይት አላቸው። አረንጓዴውን አይጠቀሙ፤ ያልበሰለው ፍሬና ቅጠሉ ብዙዎች ትኋን ትኋን የሚሉትን ሽታ ይሰጣሉ። ፍሬው ሲበስልና ቡናማ ሲሆን ያ ሽታ ይሄዳል፣ ጣፋጩ መዓዛ ይመጣል። ካጨዱ በኋላ በጥላ ያድርቁት።

ዘይቱ የሚገኘው በፍሬው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች ስለሆነ ሳይፈረከስ አይወጣም። በሙቀጫ ሰባበር ያድርጉት እንጂ ወፍጮ ቤት አያስፈጩት፤ ዱቄት ከሆነ እንፋሎቱ አያልፍበትም። መፈርከሱንም ከድስቱ አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት ያድርጉት፤ ሲያድር ዘይቱ ይተናል። እኔ በምኖርበት በሱሉልታ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የእርስዎም ከ100 ያንሳል። ስለዚህ እሳቱን ዝግ አድርገው ይታገሡ። የእንፋሎት መውጫው ፈጽሞ እንዳይደፈን፤ ግፊት ከታፈነ ድስቱ ይፈነዳል። ቱቦው ከፕላስቲክ አይሁን።

ከዘይቱ ጋር የሚወርደውን መዓዛ ያለው ውሃ አይድፉት፤ ለልብስና ለክፍል መርጫ ይሆናል። የቀረው ዘር ቅባትና ፕሮቲን አለው፤ አድርቀው ከመኖ ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ ለላም መስጠት ይቻላል።