የዚዚው ቅጠል ቢጫ የሆነው ጠምቶት አይደለም

እህቴ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እንደምትኖሪ፣ ዚዚ ፕላንት የሚባለው የቤት ውስጥ ተክልሽ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ እንደሆነ፣ ለሙቀቱ ብለሽም በየቀኑ እንደምታጠጪው ጽፈሽ "ምን ጎደለበት?" ብለሻል። ምንም አልጎደለበትም። ውኃ በዝቶበት ነው። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ቤቴ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። የመጀመሪያውን ዚዚ የገዛሁት ግንቦት ላይ ነበር። የድሬን ግንቦት ታውቂዋለሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቬንትሌተር አይጠፋም። ማታ ማታ ግቢው እንዲቀዘቅዝ ውኃ ስረጭ ለእሱም አንድ ጣሳ አፈስለት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት። ከዚያ ግንዱ ከሥሩ ለስልሶ አንድ ቀን ጠዋት ተጋድሞ አገኘሁት። ስነቅለው አፈሩ ጭቃ ሆኗል፤ ሽታውም አያስጠጋም።

ያኔ ነው ከአፈሩ ሥር ያለውን ያየሁት። ዚዚ ሥሩ ላይ ድንች የሚመስሉ ቡናማ ነገሮች አሉት። የውኃ ጋኖቹ እነሱ ናቸው። ተክሉ በተፈጥሮው ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው ምሥራቃዊ አፍሪካ የሚበቅል ነው፤ ረጅም በጋ ስለለመደ በዝናብ ጊዜ የጠጣውን በድንቾቹና በወፋፍራም ግንዶቹ ይዞ ይቆያል። ጋኑ ሞልቶ ሳለ በየቀኑ ስንጨምርበት ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። የሚያሳስተን ይኸው ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ዛሬውኑ ከፖቱ አውጪውና አፈሩን አራግፊለት። ድንቾቹን አንድ በአንድ በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊያቸው። ጠንካራው ደህና ነው። የሚሰረጉደውንና ውኃ የሚያወጣውን በንጹሕ ቢላዋ ቆርጠሽ ጣይው። የቀረውን ጥላ ቦታ ጋዜጣ ላይ ዘርግተሽ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ፤ ቁስሉ ሳይደርቅ አትትከዪው። በዚህ ጊዜ እጅሽን በፌስታል ሸፍኚ። ዚዚ የጎደሬ ዘመድ ነው። ጥሬ ጎደሬ አፍ እንደሚያሳክከው ሁሉ የዚህም ፈሳሽ ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል፤ ሁለቱም ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል መርፌ መሳይ ነገር አለ። ልጅ እንዳያኝከው፣ ፍየልም እንዳትደርስበት። ካንሰር ያመጣል የሚባለው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ በዚያ ፈርተሽ እንዳትጥዪው።

አፈሩን እኔ ግማሽ በግማሽ ነው የማደርገው፦ ግማሹ የተለመደው የአበባ አፈር፣ ግማሹ ሸካራ አሸዋ። አሸዋውን ደጋግሜ አጥበዋለሁ፤ ደቃቁ ካልወጣ ተመልሶ ይጠጥራል። ፖቱ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። የሚያምረው ፖትሽ ቀዳዳ ከሌለው ብሺው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

እኔ ከዚያ ሁሉ ያተረፍኩት የእንቁላል ያህል አንዲት ድንች ብቻ ነበር። ተከልኳት። ሁለት ወር ሙሉ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ ልደፋው ስል አፈሩ በአንድ በኩል ስንጥቅ ብሎ አየሁት። በማግስቱ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ሰም የተቀባች የምትመስል አረንጓዴ ጦር ብቅ አለች። ቅጠሎቿ ገና ተጠቅልለው እርስ በርስ ተደራርበዋል። በሳምንቱ ስንዝር ሆነች። ዛሬ ያ ፖት ሰባት ግንድ አለው።

አሁን የማጠጣው በሙቀቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር በወር አንዴ ይበቃዋል። ቀን አልቆጥርም እንጂ። ቀጭን እንጨት እስከ ታች እሰድና ሳወጣው እርጥብ አፈር ከያዘ እተወዋለሁ። ሐረር ያለችው እህቴ ጋ ደግሞ ከአንዱ ማጠጣት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ከዚህም ይረዝማል። ሐረር ከኛ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ብትርቅም ወይና ደጋ ስለሆነች አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። የኔን ልማድ ይዛ ስታጠጣ የእሷም ቢጫ ሆኖባት ነበር።

ብርሃን ይወዳል፤ የከሰዓት ፀሐይ ግን ያቃጥለዋል። መጋረጃ ያለው መስኮት አጠገብ አድርጊው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየሽ ምናልባት የውኃችን ኖራ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ማለቴ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ኖራ ከሆነ በሽታ አይደለም።

ድንቾቹ ሁሉ ለስልሰው ብታገኚያቸውም እንኳ አትጣይው። ጤነኛ ቅጠል ካለው ከነአንገቱ ቁረጪና አንድ ቀን አድርቀሽ ጫፉን አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰካ አድርጊው። እኔ ሰኔ ላይ አንድ ቅጠል ሰክቼ ጥር ላይ ቀስ ብዬ ሳወጣት ከሥሯ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ድንች ይዛ ነበር።