ሸሪክ ከመያዛችሁ በፊት የጎደላችሁን ለዩ

ልጆቼ፣

በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ ወይም በሰበታ ዳርቻ የእንቁላል ዶሮ ለማርባት አስባችሁ «ሸሪክ ልያዝ ወይስ ብቻዬን ልግባበት?» ለምትሉ ነው የምጽፈው። የሰውየውን ጠባይ ከማጥናታችሁ በፊት መኖውን አስሉ።

አምስት መቶ ጫጩት እንበል። የአንድ ቀን ጫጩት እንቁላል እስክትጥል አምስት ወር ግድም ይፈጃል፤ እስከዚያ እያንዳንዷ ከ7 እስከ 8 ኪሎ መኖ ትበላለች። ለ500ው ከ35 እስከ 40 ኩንታል መሆኑ ነው፤ ክትባቱ፣ ማሞቂያውና ጉዝጓዙ ሳይቆጠር። በነዚህ ወራት የሚገባ ሳንቲም የለም። ብዙዎች ሸሪክ የሚፈልጉት ይህ ሲያስፈራቸው ነው። ለአምስት ወር ጉድለት የንግዱን ግማሽ ለሁልጊዜ መስጠት ግን ከብድር ሁሉ የከፋ ብድር ነው። ቁጥሩን ወደ 200 ዝቅ አድርጉ፣ ወይም የሦስት ወር ቄብ ግዙ፣ ወይም እቁባችሁ የሚወጣበትን ጊዜ ጠብቃችሁ ጀምሩ።

ድርሻ የሚሰጠው በደመወዝና በኪራይ የማይገኝ ነገር ለሚያመጣ ሰው ነው፦ በሽታን ከሩቁ ለሚለይ፣ ቋሚ የሆቴል ደንበኛ በእጁ ላለ። «ቦታ አለኝ» የሚላችሁን ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁት። የአባቱ ወይም የወንድሞቹ ከሆነ የሚያዋጣው የራሱን አይደለም። የራሱ ቢሆን እንኳ ኪራይ ክፈሉት። አለበለዚያ ስትለያዩ ያቆማችሁት ቤት ግቢው ውስጥ ይቀራል።

የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት አይደለም። አንዱ ከንጋት ጀምሮ ከዶሮዎቹ ጋር ይውላል፤ ሌላው መርካቶ ሥራው ላይ ነው። ለሚውለው ደመወዝ ቁረጡለት፣ ከትርፉ በፊት እንደ ወጪ ይያዝ። በየቤቱ የሚሄደው እንቁላልም ይመዝገብ፤ ቀላል ይመስላል እንጂ ቂም የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ዶሮ ግን አትጾምም፤ መጣል የጀመሩ 500 ዶሮዎች በቀን ከ55 እስከ 60 ኪሎ ይበላሉ። ስለዚህ የሁለት ወር መኖ ዋጋ ባንክ ሳይቀመጥ ትርፍ እንደማይከፈል ተስማሙ፤ አለበለዚያ ለገና የተካፈላችሁትን በጾሙ ትፈልጉታላችሁ። ፈንግል ገብቶ ቢጨርሳቸውስ? ኪሳራው በድርሻ ይከፈላል ወይስ ክትባት ያሳለፈው ይሸከማል? ጫጩቱ ሳይገባ ይጻፍ። ግማሽ በግማሽ ከሆናችሁ ሳትስማሙ ስትቀሩ ማን እንደሚወስንም ይጻፍ። አንዱ ሲወጣ ዶሮው በዕለቱ ገበያ ይገመት፤ ገንዘቡ በስንት ወር እንደሚከፈል ይታወቅ።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ለስም ያህል እህትን ወይም ሚስትን ማስገባት የተለመደ ነበር። በ2013 የወጣው ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቅዷል፤ ለፎርም ማሟያ ሸሪክ አትፈልጉ። በኅብረት ሽርክና ግን ሸሪካችሁ በማኅበሩ ስም የገባበት ዕዳ የግል ንብረታችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል።

አሁንም ልባችሁ ወደ ሸሪክ ካደላ፣ የመጀመሪያውን ውል ለአንድ ዙር ብቻ አድርጉት፦ ጫጩቶቹ ከገቡበት ቀን አንስቶ አርጅተው ለሥጋ እስኪሸጡ፣ ዓመት ተኩል ያህል። ከዚያ ደብተሩን ከፍታችሁ ተቀመጡ።